አባባና በፖስታ የመጡት የድርጭት እንቁላሎች

የዛሬ ሦስት ሳምንት እዚህ ስዊድን፣ ሁዲንጌ ሥራ ላይ ሆኜ ስልኬ ጢን አለ... «ዕቃዎ ቤትዎ ደርሷል፤ ርክክቡም ተፈጽሟል» ይላል። ክው አልኩ። ነገ ይደርሳል ተብዬ እረፍት የወሰድኩት ለነገ ነበር።

ዕቃው ምን መሰላችሁ? ሃያ አራት የድርጭት እንቁላል። የሚበላ ሳይሆን የሚፈለፈል። የተረከቡት ደግሞ አባቴ ናቸው፤ ቤት ውስጥ ሌላ ሰው የለማ!

እማዬ ካረፈች በኋላ አባባን አዲስ አበባ ብቻቸውን መተው አላስችል ብሎኝ ብሬዴንግ እኔ ጋ አመጣኋቸው። ዕድሜ ልካቸውን ጓሯቸው ውስጥ ዶሮ ሲያረቡ የኖሩ ሰው፣ እዚህ አራተኛ ፎቅ ላይ መስኮት ዳር ተቀምጠው ይውሉ ጀመር። ምግብ ቀነሱ። ወሬ ቀነሱ። «ልጄ፣ እኔ እዚህ ምን እሠራለሁ? መልሺኝ» ይሉኛል። ማን ጋ ነው የምመልሳቸው? የዚያን ዕለት ጠዋት እንኳ ቅቤና አይብ ቀብቼ ያቀረብኩላቸውን ዳቦ ዝም ብለው ገፉት። ሆድ ብሶኝ ነው ከቤት የወጣሁት።

ዶሮ ፎቅ ላይ አይሆንም። ድርጭት ግን ትንሽ ናት፤ ሄሰልቢ ግቢ ያላት ጓደኛዬም «ሲያድጉ እኔ ጋ ይሆናሉ» ብላ የመፈልፈያ ማሽኗን አዋሰችኝ። እንቁላሎቹን ደቡብ ስዊድን ካለች አርቢ አዘዝኩ። ሴትዮዋ ጥንቅቅ ያለች ናት! እያንዳንዷን እንቁላል በተቦረቦረ ስፖንጅ ውስጥ ከታ፣ ሳጥኑን ሌላ ሳጥን ውስጥ አስገብታ፣ ዙሪያውን በጋዜጣ ጠቅጥቃ ፎቶውን ላከችልኝ። «መንገድ ያናውጣቸዋል። ሲደርሱ ሹል ጫፋቸውን ወደ ታች አድርገሽ አንድ ቀን አሳርፊያቸው። ፍሪጅ እንዳታስገቢ» ብላ ጻፈችልኝ። ሳጥኑ ላይም በትልቁ ጽፋበታለች... በስዊድንኛ። አባባ ስዊድንኛ አያነቡም። እኔ ደግሞ ላስደንቃቸው ብዬ ትንፍሽ አላልኩም።

ደወልኩ... አያነሱም። ደገምኩ... አያነሱም። አለቃዬን ለምኜ ወጣሁ። ባቡር ውስጥ «ጌታ ሆይ፣ ዛሬ ብቻ ምግብ አያሰኛቸው» ብዬ ጸለይኩ። ለወራት ብሉልኝ ብዬ የለመንኳቸው ሰው እኮ ናቸው!

ደረጃው ላይ ስደርስ የሽንኩርት ቁሌት ሸተተኝ። ከእኛው ቤት ነው። ስገባ አባባ ድስት ያማስላሉ፤ ባዶው ሳጥን አጠገባቸው ተከፍቷል።

«አባባ፣ እንቁላሎቹስ?»

«እነዚያ ዥጉርጉሮቹ? እንዴት ያምራሉ ባክሽ!»

«በሏቸው እንዴ?»

ማማሰያውን እንደያዙ ዞር ብለው አዩኝ... ልጅ ሆኜ ሳጠፋ በሚያዩኝ አስተያየት።

«ምን ነካሽ ልጄ? ዛሬ እኮ ረቡዕ ነው!»

ለካ ረቡዕ ነው! እኔ በፈረቃ ስሠራ ቀኑ ሁሉ ተምታቶብኛል። ድስቱ ውስጥ ያለው ሽሮ ነው። ጠዋት ዳቦውን የገፉትም ጾም ሆኖባቸው እንጂ ከፍቷቸው አልነበረም።

«ነገ ቁርስ ይሆነናል ብዬ አስቀመጥኳቸው» ብለው የወጥ ቤቱን ቁም ሳጥን ከፈቱ። ትሪ ላይ ምስር አፍስሰው፣ እንዳይንከባለሉ ሃያ አራቱንም በሹል ጫፋቸው ምስሩ ውስጥ ተክለዋቸዋል። ፍሪጅ ለምን እንዳላስገቧቸው ስጠይቃቸው «እንቁላል ምን በድሎ ነው ብርድ የሚመታው?» አሉኝ። ሴትዮዋ የጻፈችውን አንብበው የሠሩ ነው የሚመስለው።

እዚያው ወለሉ ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። ከዚያ ሁሉንም ነገርኳቸው። ማማሰያውን አስቀመጡ...

«ነፍስ ያለባቸው ናቸው?»

«አዎ አባባ። ለእርስዎ ነው ያስመጣኋቸው።»

ሽሮውን እሳት ላይ ረስተው ማሽኑ የሚቀመጥበት ቦታ ይፈልጉ ጀመር። ሽሮው አረረ። እኔም አርሮም ቢሆን ጥርግ አድርጌ በላሁት።

ከዚያ ወዲያ ማልደው እየተነሱ እንቁላሎቻቸውን ሲያገላብጡ ሰነበቱ። በአሥራ ስምንተኛው ቀን ጠዋት «ነይ! ነይ ቶሎ!» ሲሉ ሰምቼ በባዶ እግሬ ሮጥኩ። አሥራ አምስት ተፈለፈሉ። አውራ ጣት የምታክል ጫጩት መዳፋቸው ላይ አስቀምጠው እማዬ በሕይወት እያለች ይስቁት የነበረውን ሳቅ ሳቁ። «መልሺኝ» የምትለዋን ቃል ከሰማሁ ሰነበትኩ። ሴትዮዋን እግዜር ይስጣት። ጓደኛዬንም። ረቡዕንም ጭምር፣ እኔ ባልጾመውም!

አሁን አንድ ችግር ብቻ ነው ያለብን... አባባ በፍስክ ቀንም እንቁላል አልበላም ብለዋል።