ሟቿ አፍ ስትፈታ

በሰፈሩ ውስጥ እንደ ልብስ ሰፊዋ ብዙ ጊዜ የሞተ ሰው የለም። ታንቃ ሞታለች፣ በመርዝ ሞታለች፣ አንድ ጊዜ ደግሞ ከፎቅ ተወርውራ ሞታለች። ፎቁ የዳይሬክተሩ አክስት በረንዳ ስለነበረ ከመሬት ያለው ከፍታ ከጉልበት አያልፍም፤ ቢሆንም ስትወድቅ ያያት ሁሉ አዝኗል።

ዋናው ሥራዋ የተቀደደ ሱሪ መጣፍና የቀሚስ ጠርዝ ማሳጠር ነው። ከገበያው ጀርባ ባለች አንዲት ጠባብ ክፍል ውስጥ ከስፌት መኪናዋ ጋር ተፋጥጣ ትውላለች። ፊልም ውስጥ የገባችውም በዚሁ በስፌት ሰበብ ነው። የአንድ ተዋናይ ሰፊ ሸሚዝ እንድታጠብብ ተጠርታ ሄዳ ሳለ፣ ሬሳ ሆና ልትተኛ የነበረችው ልጅ ሳትመጣ ቀረች። ዳይሬክተሩ ግራ ቀኝ ተመልክቶ፣ እትዬ ለአንድ አፍታ ጋደም በይልኝ አላት። ጋደም አለች። ያቺ አንድ አፍታ ይኸው ዓመታት ሆናት።

ለመሞት ተሰጥኦ ነበራት። ዝንብ አፍንጫዋ ላይ ቢንሸራሸር ንቅንቅ አትልም፤ ወለሉ ቢቀዘቅዝም አታማርርም። ጉድለቷ አንድ ብቻ ነው፤ ምርመራው ከረዘመ እንቅልፍ ይወስዳታል። አንድ ጊዜ መርማሪ ፖሊስ የሆነው ተዋናይ አጠገቧ ተንበርክኮ፣ ይህች ሴት ከሞተች ቆይታለች እያለ ሲተክዝ፣ ሟቿ አንኮራፋችበት።

ዳይሬክተሩ ድሮ የሰርግ ቪዲዮ አንሺ ነበር። ሰርግ ሲሰለቸው በእውነት የነበሩ ነፍሰ ገዳዮችን ታሪክ ወደ መሥራት ዞረ። ምክንያቱን ሲጠየቅ፣ የገዳይ ታሪክ ደራሲ አያስፈልገውም፣ ጋዜጣ ጽፎ ጨርሶታል ይላል። ደሙ የቲማቲም ድልህ ነው። ገዳዩ ሁልጊዜ የሰፈሩ ጎሚስታ ነው፤ የተመረጠው ጎማ ሲፈታ ሲያስር በገዘፈ እጁ እንጂ ልቡስ እንኳን ለሰው ለዶሮም የሚራራ ነው። የልብስ ሰፊዋን አንገት አንቆ ይዞ ሳለ፣ እህቴ አሳመምኩሽ እንዴ እያለ ስንት ቀረጻ አበላሽቷል።

ሟቾቹ ደግሞ ሁሉም እሷው ናት። ለሌላ ሰው የሚሆን አቅም የለማ። ለአንዷ ሻሽ ታስራለች፣ ለሌላዋ መነጽር ታደርጋለች፣ ለሦስተኛዋ በሆዷ ትተኛለች። በአንዱ ፊልም ተገድላ ከተቀበረች በኋላ፣ የሰው ቁጥር ስላነሰ እዚያው ቀብሯ ላይ ከአልቃሾች መሀል ቆማ ታየች። ተመልካቹ በሳቅ ፈረሰ። ከዚያን ቀን ወዲህ ሰፈሩ ስሟን ትቶ ሟቿ ይላት ጀመር። ባሏ የከተማ አውቶቡስ ሾፌር ነው፤ እሱም አላረፈም። ቁርሱን እየበላ፣ ዛሬ ትሰፊያለሽ ወይስ ትሞቻለሽ ይላታል።

አብራ ትስቃለች። ውስጥ ውስጡን ግን አንድ ነገር ይከነክናት ነበር። ያን ሁሉ ፊልም ስትሠራ አንዲት ቃል ተናግራ አታውቅም። ሴት ልጇ ለጓደኞቿ እናቴ ተዋናይ ናት ብላ፣ ምን ስትል ሰማሻት ተብላ መልስ አጥታ የመጣች ዕለት፣ ልብስ ሰፊዋ ጨርቅ የምትፈልግ መስላ ጓዳ ገብታ አለቀሰች።

በመጨረሻ ዳይሬክተሩ ጨከነና የምትናገረው ነገር እንደሚሰጣት ቃል ገባላት። አዲሱ ፊልም ስለ ባለቀበቶው ነው። ባለቀበቶው ከዓመታት በፊት በዚሁ ከተማ ሴቶችን በቀበቶ አንቆ እየገደለ አገር ያሸበረ፣ በኋላም እስር ቤት የሞተ ሰው ነው። ከሟቾቹ አራተኛዋ፣ የመድኃኒት ቤት ሠራተኛዋ፣ ከመሞቷ በፊት ትናገራለች። የምትለውም፣ እባክህ አትግደለኝ፣ እናት አለችኝ ነው።

ወሬው ሰፈሩን አዳረሰ። ባሏ ለትኬት ቆራጩ ነገረ፤ ትኬት ቆራጩ ለተሳፋሪው። ልጇ እንደ አስተማሪ ከፊቷ ቆማ ታስለማምዳት ጀመር። እሷም በስፌት መኪናዋ ላይ አጎንብሳ ስትለማመድ ሱሪውን ሊወስድ የመጣ ደንበኛ፣ እባክህ አትግደለኝ ስትል ሰምቶ፣ ግድ የለም ነገ እመለሳለሁ ብሏት ሄደ።

የቀረጻው ቀን ደረሰ። ዳይሬክተሩ በአሮጌው ሰፈር አንድ ባዶ ቤት አገኘ። ለፊልም ዕቃ ተከራይቶ አያውቅም፤ ልማዱ ጎረቤት አንኳኩቶ መዋስ ነው። ትይዩ ያለውን በር አንኳኳና አንዲት አሮጊት ወንበር እንዲያውሱት ለመነ። ለምንድን ነው ሲሉት እንደተለመደው ዓይኑን በጨው አጥቦ፣ የቤተሰብ ፊልም ነው እማማ አላቸው። እሳቸውም አውሰው፣ ወንበሬን ራሴ ይዤ እመለሳለሁ ብለው ተከትለው መጡና በግድግዳው ጥግ አንድ የለስላሳ ሣጥን ገልብጠው ቁጭ አሉ።

ልብስ ሰፊዋ የመድኃኒት ቤት ነጭ ጋዋን ለብሳ ወንበሩ ላይ ተቀመጠች። ጎሚስታው ቀበቶውን ይዞ፣ ገና ሳይነካት ይቅርታ ይቅርታ እያለ ከኋላዋ መጣ። ለልምምድ ቃሏን ስትናገር የራሷ ድምፅ ራሷን አስደነገጣት። ዳይሬክተሩ እንኳን አጨበጨበ። ድልሁ እስኪበጠበጥ እረፍት ሆነ።

አሮጊቷ በእጃቸው ጠሯት።

"ልጄ፣ የምትሆኚው መድኃኒት ቤት ትሠራ የነበረችውን ነው?"

"አዎ፣ እማማ።"

"እሷ እንዲህ አትልም ነበር።"

"ያውቋታል እንዴ?"

"የተቀመጥሽው በሷ ወንበር ላይ ነው። ልጄ ናት።"

ጎሚስታው ቀበቶውን ከጀርባው ደበቀ። ዳይሬክተሩ መሬት ተከፍታ ብትውጠው በወደደ ነበር፤ እግራቸው ላይ ሊወድቅ ሲል እናትየው ክንዱን ይዘው አስቆሙት። አልተቆጡም። ሥራችሁን ሥሩ፣ ከልካይ አይደለሁም አሉ። ልጃቸው ግትር እንደነበረች፣ ጥርሷ ሲነቀል እንኳን እንዳልጮኸች፣ ሰው መለመን እንደማታውቅ ነገሯቸው። ሰው ሁሉ የሚጠይቃቸው ስለዚያ ምሽት ብቻ እንደሆነና፣ የተቀረው ዕድሜዋ እንዳልነበረ መቆጠሩ እንደሰለቻቸውም ተናገሩ።

"ብቻ አደራ" አሉ፣ "ልጄን ለማኝ አታድርጓት።"

ልብስ ሰፊዋ ዳይሬክተሩን ወደ ደጅ አወጣችውና ያን ቃል እንደማትናገር ነገረችው። እሱም አንገቱን ደፍቶ፣ ሌላ ቃል አልጻፍኩም እትዬ፣ እንደ ወትሮው በሆድሽ ትተኛለሽ አላት። የአውቶቡሱ ተሳፋሪ ሁሉ ትዝ አላት፤ ልጇ ትዝ አለቻት። ልጅ የሞተባቸው እናት ውስጥ ተቀምጠው እሷ ለአንዲት መስመር ማዘኗ አሳፈራት፤ ቢሆንም አዘነች። እውነቱን ለመናገር ክፉኛ አዘነች።

ዓይኗን በመዳፏ ጠራርጋ ተመለሰችና እናትየው አጠገብ ቁጢጥ አለች። ልጃቸው በሞተችበት ዕለት ጠዋት ከቤት ስትወጣ ምን ብላ እንደወጣች ጠየቀቻቸው።

እናትየው ለማስታወስ አልተቸገሩም። ቦርሳዋን እያነሳች ነበር አሉ፣ እንደ ልማዷ ረፍዶባት። ያለችውንም ነገሯት። ልብስ ሰፊዋ ዳይሬክተሩን ቀና ብላ አየችው፤ እሱም በጥብጦ የጨረሰውን ድልህ አየና ክዳኑን ገጠመበት። ጎሚስታውን ወደ ቤትህ ሂድ አለው። ያ ሰው በሕይወቱ እንደዚያን ቀን ደስ ብሎት ከሥራ ተባርሮ አያውቅም።

ካሜራው ተነሳ። ልብስ ሰፊዋ ከወንበሩ ብድግ አለች፣ ቦርሳዋን ትከሻዋ ላይ ጣለች፣ እየተጣደፈች በሩ ጋ ደረሰችና ዞር አለች። ወዴት ትመልከት? ዳይሬክተሩ ወደ ግድግዳው ብሏት ነበር፤ በግድግዳው ጥግ ደግሞ እናትየው ተቀምጠዋል። ወደ እሳቸው አየች።

"እማ፣ ሳህኖቹን እንዳትነኪ። ስመለስ እኔ አጥባቸዋለሁ።"

"እሺ፣ እናቴ" የሚል ድምፅ ከጥግ መጣ።

ድመት ብታስነጥስ ቀረጻ ተበላሸብኝ ብሎ የሚያብደው ዳይሬክተር ካሜራውን አላቆመም። ልብስ ሰፊዋ በሩን ከፍታ ወጣች፤ ደጅ ፀሐዩ ላይ ቦርሳውን እንዳንጠለጠለች ቆመች። በሩ ገርበብ ብሎ ስለነበር በውስጥ የሚባለው ይሰማታል።

"አበላሸሁባችሁ፣ አይደል?" አሉ እናትየው። "አመለጠኝ። ያን ቀን ተኳርፈን ስለነበር ሳልመልስላት ነው የወጣችው። በሉ ድገሙት፤ አሁን ዝም እላለሁ።"

ዳይሬክተሩ ካሜራውን አጠፋ።

"አይደገምም፣ እማማ" አላቸው።