የወፍ ቆሎ አጥር

እናቴ ዓይኗን ስኳር ከወሰደባት በኋላ መንጋቱን የምታውቀው በቆቅ ጩኸት ነበር። ከተማው ገበያ፣ ሄርማታ ሳለን የመጋዘን በር ሲንኳኳና ጫኞች ሲጯጯሁ ነበር የሚነጋላት። ከዚያ አውጥቼ ከጅሬን ኮረብታ በታች ወደሠራሁት ቤት ሳመጣት ሦስት ቀን ሙሉ አኮረፈችኝ። በአራተኛው ቀን ጎህ ሲቀድ፣ ከቤታችን ኋላ ካለው ሳራም ቁልቁለት ላይ ቆቅ ጮኸች። እናቴ ከአልጋዋ ቀና ብላ "ልጄ፣ ነጋ አይደል?" አለችኝ። ኩርፊያው በዚያው ቀረ። ከዚያ ወዲህ ቆቋ ከጮኸች ተነስታ ፊቷን ትታጠባለች፤ ካልጮኸች ግን ማንም አያስነሳትም።

አጥሩን ያጠርነው በደቦ ነው። በእኛ ሰፈር አዲስ ቤት የገባ ሰው ብቻውን አያጥርም። ጎረቤትና ወዳጅ አንድ ቅዳሜ ይወጣል፣ ሁሉም ከየግቢው የሚተከል ነገር ይዞ ይመጣል፣ ባለቤቱ ምሳ ያበላል። የመጣን ነገር መምረጥ ነውር ነው። አንዱ ቅንጭብ፣ አንዱ የኮሽም ችግኝ ይዞ መጣ። ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ አብሮ አደጌ የሆነችው ጓደኛዬ ደግሞ ባጃጅ ሙሉ የተቆራረጠ አበባ ጭና ደረሰች። ቢጫውና ሮዙ በአንድ ራስ ላይ ተደባልቆ ያምር ነበር። እሷ የምትሠራው ችግኝ ጣቢያ ስለሆነ የምትለውን ማን ይጠራጠራል?

"የወፍ ቆሎ ነው" አለች። "ቆርጠሽ ከሰካሽው ይይዛል፣ ውኃ አጠጪኝ አይልሽም፣ ከብት አይነካውም። ጋሪ ዳ፣ ጥሩ ነው! ሌላ ምን ትፈልጊያለሽ?"

ላሞቹን በቁልቁለቱ ላይ የሚያሰማሩት ሽማግሌ ጎረቤቴ አንዱን ቅርንጫፍ አንስተው አገላብጠው አዩት፤ ቀጥሎ እኔን አዩኝ። ምንም ሳይሉ ተከሉት። እናቴ በረንዳ ላይ ተቀምጣ ቅጠሉን በጣቶቿ አሸት አድርጋ አሸተተችና ፊቷን አጨማደደች። ቢሆንም ጓደኛዬን "እጅሽ ይባረክ" ብላ መረቀቻት።

ሁለት ክረምት ሳይሞላ አጥሩ ከቁመቴ በለጠ። ሙሽሮች ሳይቀሩ ፎቶ እንነሳ እያሉ ይመጡ ነበር፤ እኔም የማን አጥር ነው ሲባል ደረቴን እነፋ ነበር። ጥቁር ፍሬውን ወፎች እየለቀሙ በየሄዱበት ይጥሉታል። መጀመሪያ ከአጥሩ ማዶ እዚህም እዚያም ብቅ አለ፤ ቀጥሎ ቁልቁለቱን ይዞ ወረደ። እሾሃሙ ቁጥቋጦ እርስ በርሱ ተጠላልፎ ከሥሩ አንድ ዘለላ ሳር አላስቀረም። ቆቅ እንቁላሏን የምትጥለው ሳር ውስጥ፣ መሬት ላይ ነው። ሳሩ ሲያልቅ እሷ የት ትሂድ? የቆቆቹ ጩኸት ከብዙ ድምፅ ወደ ሁለት፣ ከሁለት ወደ አንድ ወረደ። አንድ ጠዋት እናቴ "ዛሬስ ዶሮ ቀደማት" ብላ ሳቀች።

የሽማግሌው ላም ጠውልጎ የወደቀውን ቅጠል በልታ ታመመች። ልጠይቃቸው ሄድኩ።

"ኢንተላኮ" አሉኝ፣ ልጄ ማለታቸው ነው፤ "ከብት አይነካውም ስትባይ ለምን አይነካውም ብለሽ መጠየቅ ነበረብሽ።"

"ታዲያ አባባ፣ እርስዎ እያወቁ ለምን ዝም አሉ?"

"በደቦ የመጣ ነገር ይመለሳል እንዴ?" አሉኝ።

ቁጥቋጦውን የሚያጠፋ መድኃኒት ከጓደኛዬ ውጭ ማን ያውቃል ብዬ በቀጥታ ወደ ቤቷ አመራሁ። ድሮ ግቢዋን ዙሪያውን የከበበው የወፍ ቆሎ የለም። በቦታው ቆርቆሮ ቆሟል። በር የከፈቱልኝ እናቷ ናቸው። አጥሩን ስጠይቃቸው ሳቁ። "ኧረ ያንን ጉድ! ጓሮዬን ጨርሶት ነበር እኮ። ሥሩን በዶማ ቆፍረን አቃጠልነው። ቅርንጫፉን ግን ልጄ ለአንቺ ደቦ ወሰደችው። አልያዘልሽም እንዴ?"

ጓደኛዬ ከውስጥ ሰምታ ወጣች። አልካደችም። "በባዶ እጄ ልምጣ?" አለች። "ያን ሰሞን ሌላ የምቆርጠው አልነበረኝም። ደግሞ ያንቺ ቦታ ሰፊ ነው ብዬ..."

ያመኑት ፈረስ ጣለ በደንደስ የሚሉት ይሄንን ነው። በአንድ ዴስክ ላይ ዳቦ ቆርሰን የበላን ሰዎች ነን። የእሷን ግቢ የበላ መሆኑን እያወቀች፣ ላለማፈር ስትል ለእኔ ጭና አመጣችው፤ እኔም ምሳ አብልቼ ሸኘኋት። የቀረበልኝን ወንበር ትቼ ወጣሁ። እስከ ዛሬ ስልኳን አላነሳሁም።

ነቀላውን ከሽማግሌው ጋር ጀመርነው። ዛሬ የነቀልነው ከርሞ ሁለት ሆኖ ይበቅላል። እጄ ተቦጫጭሮ አለቀ። ከሥራው የከበደኝ ግን፣ ክረምት ሲገባ የቀረችው አንዷ ቆቅም ከጠፋች ወዲህ፣ ጠዋት ጠዋት የእናቴ ጥያቄ ነበር። "ቆቋ ጮኸች?" ትለኛለች።

"አዎ እማዬ፣ አሁን ጮኸች።"

እንዲህ እያልኩ ክረምቱን አለፍኩ። የጓደኛዬን ጥፋት ለምን በእናቴ ላይ ልጫን እያልኩ ራሴን አጽናናለሁ። ምን አስቸኮለኝ፣ ሳሩ ሲመለስ ቆቋም ትመለሳለች፣ ነገሩም እናቴ ሳታውቀው ያልፋል ብዬ ነበር።

ባለፈው ሳምንት እናቴን ልብሷን ለብሳ፣ ነጠላዋን ደርባ አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀምጣ አገኘኋት።

"ሐኪም ቤት ውሰጂኝ" አለችኝ። "ጆሮዬም ሊሄድ ነው። አንቺ ጮኸች ትይኛለሽ፣ እኔ ግን ጩኸቷን ከሰማሁ ስንት ጊዜዬ። ዓይኔን ችያለሁ፤ ይሄን ግን አልችልም።"

አጠገቧ ቁጭ ብዬ እጇን ያዝኩ። "ጆሮሽ ደህና ነው እማዬ። ቆቋ ናት የሌለችው።"

"ከመቼ ጀምሮ?"

"ከክረምት መግቢያ ጀምሮ።"

እጇን ከእጄ ውስጥ ቀስ ብላ አወጣች። ነጠላዋን አውልቃ አጣጠፈችና ጭኗ ላይ አኖረችው።

"ታዲያ እስከ ዛሬ ሲያነጋልኝ የነበረው ማን ነው?" አለችኝ።