ሲበራ የሚከፈተው ጨዋታ

ኮምፒውተር ጥገና ቤት ተራዬን ስጠብቅ አንዲት አሮጊት አጠገቤ ተቀመጡ። ላፕቶፓቸውን እንደ አራስ ልጅ በሻርፕ ጠቅልለው አቅፈውታል። እጃቸው ላይ ያለው የወንድ ሰዓት ሰፍቷቸው እስከ ክርናቸው ይንሸራተታል። በመስኮቱ የሚገባው የከሰዓት ፀሐይ አቧራውን እያንሳፈፈ ክፍሉን ሁሉ እንቅልፍ እንቅልፍ አሰኝቶታል።

ቴክኒሻኑ ላፕቶፑን ቢያበራው አልነሳ ብሎ ብዙ አስጠበቀን።

«እትዬ፣ ችግሩ ገብቶኛል» አላቸው ስክሪኑን እያዞረላቸው። «ገና ሲበራ ሳይጠሩት አብሮ የሚነሳው ፕሮግራም በዝቷል። ሁሉም እኔ ልቅደም እያለ በሩ ላይ ይጋፋል። የማያስፈልገውን ላስቁመው?»

«አስቁመው የኔ ልጅ። ያልጠሩት እንግዳ ምን ይረባል?»

እየጠየቃቸው አንድ በአንድ አስቆመ። ቼዝ ላይ ሲደርስ እጁን ያዝ አደረጉት።

«እሱን ተወው።»

«ቼዝ ይጫወታሉ እንዴ?»

«ኧረ እኔ ፈረሱን ከንጉሡም አልለይም! የባለቤቴ ጨዋታ ነው። ሆስፒታል የገባ ዕለት አቋርጦት ሄደ፤ በዚያው ቀረ። ይኸው ጠዋት ጠዋት ስከፍተው ‹ተራው የእርስዎ ነው› ይላል።»

ቴክኒሻኑ ቼዙን ሳይነካ ላፕቶፑን አጥፍቶ እንደገና አበራው። አሁን ወዲያው ተነሳ። ጥቁርና ነጩ ሰሌዳ ‹ተራው የእርስዎ ነው› እያለ ብቅ ሲል አሮጊቷ ወደ ስክሪኑ ጎንበስ አሉ፤ የተኛ ሰው እንዳይቀሰቅሱ የፈሩ ይመስል ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣

«ይመጣል፤ ትንሽ ታገሥ» አሉት።