ሁለት ልጅና አንዲት እንግዳ

አዳማ ላይ ቤት ፍለጋ ደላላ ስትይዢ መጀመሪያ የሚጠይቅሽ ስለ ክፍያው አይደለም። «ልጅ አለሽ?» ነው የሚልሽ። አለኝ ካልሽ፣ «ስንት?»

እኔ ሦስት አሉኝ። ደላላው ባጃጅ ውስጥ እንደተቀመጠ አንገቱን ወደ መንገዱ አዞረና፣ «እናት፣ ሁለት ነው በይ» አለኝ።

«ሦስተኛዋን የት ላድርጋት?»

«እንግዳ አድርጊያታ።»

ነገሩ የገባኝ ቆይቶ ነው። አከራይ ተከራዩን ያስወጣል፤ ቤቱ የሱ ነው። እንግዳን ግን ማንም ከደጅ አይመልስም፤ ያውም ከእናቷ ተለይታ የመጣች ሕፃን። እንዲያ ያደረገ ሰው እድር ላይ እንኳን ቀና ብሎ አይቀመጥም። እናም ሁለቱን ትልልቆች ይዤ ገባሁ። ትንሿን ለጥቂት ሳምንት አንዲት ወዳጄ ዘንድ አስቀመጥኳትና፣ አንድ ከሰዓት በኋላ ልብሷን በፌስታል አስይዤ፣ «የእህቴ ልጅ ናት፣ ከአቦምሳ ልትጠይቀን መጣች» ብዬ አስገባኋት። ግቢው ውስጥ አክስቴ እንድትለኝ ነግሬያታለሁ። እሷ ጨዋታ መሰላት። ገና የወተት ጥርሷ አልተነቀለም።

አከራዬ ድሮ በልጅነታቸው ከወሎ የመጡ ትልቅ ሴት ናቸው። ባላቸው የጭነት መኪና ነበራቸው፤ ባልየው ሲሞቱ መኪናው ተሸጦ ሰርቪስ ክፍሎቹ ተሠሩ። የሚተዳደሩት በዚያው ነው። ከሁለት ልጅ በላይ አልፈልግም የሚሉት ክፉ ሆነው አይደለም፤ የሽንት ቤቱ ጉድጓድ አንድ፣ የውሃ ታንከሩ አንድ። ይህን እኔም አውቃለሁ።

ያላሰብኩት ነገር፣ እንግዳዋን ወደዷት። «እናቷ ናፍቃት ነው እንጂ እንዲህ አታለቅስም» እያሉ ከሳሎናቸው ቴምር ያመጡላታል። በአረፋ ጊዜ ቀሚስ ገዙላት። አንድ ቀን ጫማዋን ጥላ ብትመጣ ቆንጠጥ ባደርጋት በመስኮት ሆነው፣ «የእህትሽን ልጅ ከልጆችሽ አታሳንሻት፣ አላህ ያያል» አሉኝ። ሁለቱ ልጆቼ ሳቃቸውን ለመዋጥ ፊታቸውን ትራስ ውስጥ ቀበሩ። እኔም ገብቼ ሳቅሁ። ኋላ ግን ፈራሁ፤ እስከ መቼ ነው እንግዳ የምትሆነው?

ይህ ፍርሃት መናኸሪያው በር ላይ ነበር የሚብስብኝ። ቅቅል ድንች በሚጥሚጣ የምሸጠው እዚያ ነው። እዚያ የሚያድሩ ልጆች አሉ፤ ጠዋት ማዳበሪያቸውን ጠቅልለው ሲነሡ የአዳማ አቧራ ቅንድባቸው ላይ ተኝቶ ነው የሚነሡት። አንዷ የትንሿ እኩያ ትሆናለች። «ማዘር፣ የተሰበረ ድንች አለ?» ትለኛለች። የተሰበረ ባይኖርም እሰብርላታለሁ። አንድ ጊዜ እናቷ የት እንዳለች ጠየቅኋት። አፏ ሞልቶ፣ «እናቴማ አለች» አለችኝ። «ቤቱ ነው የሌለው።» እናትየው ሰው ቤት ሠራተኛ ናት፤ ልጅ ይዘሽ አትገቢም ተብላ ነው የገባችው።

ታዲያ አንድ እሁድ ከየግቢው አንድ ሰው ለቀበሌ ስብሰባ ይምጣ ተባለ። አከራዬ ጉልበታቸውን ይዘው፣ «አንቺ ሂጂልኝ። ከዚህ ግቢ ሰው ተገኝቷል በይልኝ» አሉኝ። ደስ ብሎኝ ሄድኩ፤ ወንበር ላይ ትንሽ አሸልባለሁ ብዬ።

አዳራሹ ይወብቃል። መድረኩ ላይ የነበረው ወጣት ኃላፊ በኦሮምኛም በአማርኛም ሰላምታ ሰጥቶ፣ ዛሬ የተሰበሰብነው ልጆች ለምን ጎዳና እንደሚወጡ ከሕዝቡ ለመስማት ነው አለ። ቀጠለና፣ «ዋናው መንስኤ የግንዛቤ ማነስ ነው» አለ።

ከኋላ አንድ የባጃጅ ሾፌር፣ «መንስኤውን ካወቅከው እኛ እንሂዳ» አለ። አዳራሹ በሳቅ ተነቃነቀ። እንቅልፌ ጠፋ።

መጀመሪያ የተናገረው ከጸሎት የመጣ ሙሉ ልብስ የለበሰ ሰውዬ ነው፤ መጽሐፍ ቅዱሱን ብብቱ ሥር ይዟል። «ወገኖቼ» አለ፣ «እኛ ለእነዚህ ልጆች ዳቦና ሻይ እናበላለን፤ እናወራቸዋለን። አንድም ልጅ የቤት ኪራይ አባረረኝ አላለኝም። የእንጀራ አባቴ ደበደበኝ፣ አባቴ ይጠጣል ነው የሚሉኝ። ቀድሞ የሚፈርሰው ትዳሩ ነው፤ ጣሪያው የሚፈርሰው ከዚያ በኋላ ነው።»

እውነቱን ነው ብዬ ራሴን ነቀነቅኩ። የባጃጁ ሾፌር ግን ተነሣ። «ጋሼ፣ አንዲት ክፍል ውስጥ ሚስት፣ ልጆችና አማት ይዘህ፣ ክረምት ከበጋ ኪራይ ጨምር እየተባልክ ትዳርህ ካልፈረሰ፣ እባክህ እኛንም አስተምረን።»

«ጨዋታ አይደለም የያዝነው» አለ ሰውዬው።

«እኔም እየተጫወትኩ አይደለም።»

ከፊት የተቀመጡ አንድ ሽማግሌ ዱላቸውን ተመርኩዘው ተነሡ። ከተማው ዳር ገበሬ የነበሩ ናቸው፤ አማርኛውን ቀስ እያሉ ነው የሚያወጡት። «ልጆቹ ከየት መጡ ትላላችሁ፤ ከእኛ ነው የመጡት። ዝናብ እምቢ አለ፣ ልጅ ወደ አስፋልት ሄደ። የቀረችውን መሬት ደግሞ ከተማው መጣና ወሰደ። ከተማው መሬቴን ጎረሰ፣ ልጄን ግን አላጎረሰም።»

«ዱጋ» የሚል ድምፅ ከየአቅጣጫው ተሰማ፤ እውነት ነው ማለታቸው ነው። ኃላፊው፣ «አባ፣ ገለቶማ» ብሎ አመስግኖ፣ «ግን ከርዕሱ ባንወጣ» ሲል ሽማግሌው ሳይቀመጡ፣ «ርዕሱ ልጄ አይደለም እንዴ?» አሉት።

እኔ እንዲህ ያለ ነገር ሰምቼ አላውቅም። የራሴ ጉድ ነው ብዬ ስደብቀው የኖርኩት ነገር በማይክ እየተነገረ፣ ሰው እየተጨቃጨቀበት። ልቤ ይመታል፤ ግን እንደ ሌላው ቀን የፍርሃት አይደለም፣ ሠርግ ቤት ከበሮ ሲቀርብ እንደሚመታው ነው። እጄን መቼ እንዳነሣሁ አላውቅም። ማይኩ ከሰው እጅ የመጣ ነውና ሞቋል።

ስለ ድንቿ ልጅ ነገርኳቸው። «እናት አላት» አልኩ። «ወንድሜ እንዳለው ተደብድባ አይደለም፤ አባባ እንዳሉትም ከገጠር አልመጣችም። እዚሁ የተወለደች ናት። ልጅ ያላት ሴት በር ስታንኳኳ በሩ አይከፈትም፤ ሌላው ሁሉ ከዚያ በኋላ የሚመጣ ነው።»

ሰው ዝም ብሎ ሰማኝ። እዚያ ላይ ቁጭ ማለት ነበረብኝ። ዝምታው ግን ጣፈጠኝ።

«ምን ሩቅ አስኬደኝ» አልኩ። «እኔ ራሴ ሦስት ልጅ ወልጄ በሁለት ነው የምኖረው። ትንሿን እንግዳ አድርጌያት፣ የወለድኳት ልጅ አክስቴ ትለኛለች።»

አንዷ ሴት ከጎን፣ «አከራይሽ አላወቁም?» አለች።

«ቢያውቁማ ዛሬ እሳቸውን ወክዬ እዚህ እቀመጥ ነበር?»

አዳራሹ ፈነዳ። እኔም አብሬ ሳቅሁ። ሳቁ ጋብ ሲል ከበስተኋላዬ ሳል ተሰማ። ያ ሳል በየጠዋቱ በግድግዳ በኩል የምሰማው ነው።

ለካ ጎረቤት፣ የኪራይ ሕግ ይነሣል ብሎ ለአከራዬ ደውሎላቸው ኖሮ በጉልበታቸው ጨክነው በባጃጅ መጥተዋል። ቀስ እያሉ መጡና ማይኩን ከእጄ ወሰዱ።

«ያቺ አከራይ እኔ ነኝ» አሉ። ማንም አልሳቀም። «እናንተ ስለ ልጅ ታወራላችሁ፤ ስለ ጉድጓዱ የሚያወራ የለም። ጉድጓዱ ሲሞላ የሚመጠጠው በኔ ነው፤ ውሃው በሳምንት አንዴ መጥቶ የሚያልቀው በኔ ነው። ባሌ ሞቶ የምበላው ከእነዚያ ክፍሎች ነው። የከተማውን ልጅ ሁሉ በኔ ጉድጓድ ልታሳድጉ ነው? ቤት ሥሩ። ከዚያ እኔን ክፉ በሉኝ።» ወደ ባለ ሙሉ ልብሱ ሰውዬ ዞሩ። «አንተም ወንድሜ፣ ይቺ ሴት አትጠጣም፣ አትደባደብም። ውሸታም ናት እንጂ ባለጌ አይደለችም።»

ከዚያ በኋላ ማይክ የጠየቀ የለም፤ ሁሉም በየተቀመጠበት መናገር ሆነ። ሽማግሌው አከራዬን ደገፉ፤ የባጃጁ ሾፌር እኔን፤ ባለ ሙሉ ልብሱ፣ «ይኼንንስ አላሰብኩትም፤ የትዳሩን ነገር ግን አለቅም» አለ። ኃላፊው ውይይቱ ተጠናቋል ካለ በኋላ እንኳን ሰው በረንዳው ላይ ቆሞ ይከራከር ነበር።

እኛ በአንድ ባጃጅ ተመለስን። እኔ ደላላው የት እንደሚገኝ እያሰብኩ፣ ዕቃዬን በሐሳቤ ጋሪ ላይ እጭን ነበር። ፍራሹን፣ የድንቹን ድስት፣ ልጆቹን።

በሩ ሲከፈት ትንሿ እየሮጠች መጣች። «አክስቴ! ውሃ መጥቷል።»

አከራዬ ቆሙ። በከዘራቸው እኔን እያመለከቱ፣ «ይቺ ማን ናት?» አሏት።

አየችኝ። «አክስቴ።»

«አይደለችም።»

አሁንም አየችኝ፤ አጥፍታ እንደሆነ በዓይኗ ትጠይቀኛለች። በይ ብዬ ራሴን ነቀነቅኩላት። በሹክሹክታ፣ «እማዬ» አለች።

አከራዬ ደረጃው ላይ ተቀመጡ። «ከእናቷ ተለይታ ነው እያልኩ እኔ ስንት ጊዜ አነባሁላት» አሉኝ። «እናቷ ከግድግዳው ወዲያ ተቀምጣ። ስለ ቤቱ አይደለም የከፋኝ፣ ወላሂ። ስለ እንባዬ ነው።»

ዝቅ ብዬ ጉልበታቸውን ሳምኩ።

በከዘራቸው ተደግፈው ተነሡና፣ «ትምህርት እስኪዘጋ ድረስ» አሉ። «ያኔ እንነጋገራለን። የልብስ ማጠቢያ ውሃ ከውጭ ታስቀጃለሽ፤ ከታንከሩ አትነኪም።» ወደ ትንሿ ዞረው፣ «አንቺ ደግሞ እንግድነትሽ ስለቀረ ቴምሩም ቀርቷል» አሏት።

ትምህርት የሚዘጋው መቼ እንደሆነ አውቃለሁ። ልቤ ሥጋት አላጣም። ግን ያን ዕለት ከሰዓት በኋላ ልጄ ሥራ ፈትታ ዋለች። ከሽንት ቤቱ በር፣ ከታንከሩ ሥር፣ ከአከራዬ መስኮት አጠገብ ቆማ ትጠራኛለች።

«እማዬ።»

«ወዬ።»

«ምንም።»

ትንሽ ቆይታ ደግሞ፣ «እማዬ።»

«ወዬ።»

«ምንም።»

ከሳሎን፣ «አንቺ ልጅ፣ ሰምታሻለች፤ ሰፈሩም ሰምቷል» የሚል ድምፅ መጣ። ከድምፁ ጋር እጅ በመስኮት ወጣ፤ መዳፉ ላይ ቴምር ነበረበት። ልጄ ቴምሩን አፏ ውስጥ ጨምራ፣ «እማዬ» አለች እንደገና።

«ወዬ» አልኩ፣ ግቢው በሙሉ እንዲሰማ ድምፄን ከፍ አድርጌ።