ስም የተከለከለው ጉሬዛ

ትናንት ከላንጋኖ ስመለስ ሙነሳ ጫካ ገባሁ። ዝናብ የጠገበው የዝግባ ሽታ ሲያውደኝ የስምንት ዓመት ልጅ ሆንኩ።

ያኔ፣ በደርግ ጊዜ፣ ከናዝሬት ይዞኝ የመጣው አባቴ ነበር። የጫካው ጠባቂ ኦቦ ቱፋ፣ አዳኞች እናቱን ለቆዳዋ የገደሉበትን የጉሬዛ ግልገል ቤታቸው ያሳድጉ ነበር። ገና ጥቁሩ ጠጉር ስላልወጣው እንደ ጥጥ የነጣ ነበር። ጣቴን ይዞ አልለቅም አለኝ።

“ስም እንዳታወጪለት፣ ልጄ” አሉኝ ቀስ ብለው። “ስም ያለው እንስሳ ጫካ አይመለስም፤ ሰው እስኪጠራው ይጠብቃል።”

“እሺ፣ ኦቦ ቱፋ” አልኳቸው። ግን ቀድሜ በጆሮው “ስኳር” ብዬው ነበር። ስኳር በቀበሌ በራሽን በሚታደልበት ዘመን ከዚያ የሚበልጥ ስም አላውቅም።

ትናንት ዝግባው ላይ ጉሬዛዎች ተደርድረው አየሁ። ሰው አለመኖሩን ቃኝቼ “ስኳር” አልኩ።

ሁሉም ዞረው አዩኝ።