የሌለ አጎት ለቅሶ

ያኔ፣ በደርግ ዘመን፣ ከነገሌ አዲስ አበባ ለመሄድ ከቀበሌ የይለፍ ወረቀት ያስፈልግ ነበር፤ ወረቀቱ ላይ ደግሞ የመሄጃ ምክንያት ይጻፋል። የእኔና የባሌ ምክንያት የሚጻፍ አልነበረም። በተጋባን በሰባተኛው ዓመት አዲስ አበባ ያለ አንድ ሐኪም ሁለታችንንም መርምሮ «ምንም የለባችሁም» አለን። ምንም ሳይኖርብን ልጅም አልነበረንም። እንቁላል እንዲያድግ የሚረዳ ኪኒን ሰጠኝ፤ የወር አበባዬ በመጣ ከአምስተኛው ቀን ጀምሬ ለአምስት ቀን እንድውጥ፣ በአሥራ አራተኛው ቀን አብረን እንድንመጣ አዘዘ፤ ያን ቀን የባሌን ዘር በቀጭን ቱቦ ማህፀኔ ውስጥ ያስገባልኛል። ኪኒኑ ከውጭ በሰው እጅ የመጣ ስለሆነ ሌላ እንደማያገኝ ነገረን።

ዋጥኩት። ፊቴ ይግላል፣ ሆዴ ይነፋል፣ ባሌ ላይ በሆነው ባልሆነው እጮኻለሁ። በአሥራ አንደኛው ቀን ቀበሌ ሄድኩ። በክሊኒክ ነርስነቴ የከተማውን ሰው ገመና ይዤ ስኖር የራሴን ለሊቀመንበሩ መንገር ግን ሞት መሰለኝ። «አጎቴ አርፎብኝ ነው» አልኩት፤ ወረቀቱን ጻፈልኝ። አዲስ አበባ አጎት የሚባል የለኝም።

ሊቀመንበሩ የዕድራችን ዳኛም ነበር። በማግስቱ ማለዳ ሻንጣችንን ይዘን ልንወጣ በሩን ስንከፍት ግቢው በሰው ተሞልቷል። ሙስሊሙም ክርስቲያኑም መጥቷል። ድንኳን ተከሉ፣ ፍራሽ አነጠፉ፣ እኔን መሃል አስቀመጡኝ። ባሌ መኪና እንደሚያመልጠን ሊያስረዳ ሞከረ።

«ኦብሳ፣ ቻሉት» አለ ዳኛው፣ በኦሮምኛም በአማርኛም። «ሲስተር፣ አጎትሽ እስካሁን ተቀብሯል። ሐዘንተኛ እንዲህ ሆኖ መንገድ አይለቀቅም። ሦስት ቀን ተቀመጪ፤ ከዚያ እኔ ራሴ አሳፍራችኋለሁ።»

እውነቱን ልናገር ስንቴ አፌን ከፈትኩ። ግን ንፍሮ ቀቅሎ፣ ሥራውን ጥሎ የመጣን ሰው «የሞተ የለም፣ ዋሽቼ ነው» ብሎ እዚያው ከተማ መኖር እንዴት ይቻላል? ባሌ ከወንዶቹ መሃል አንገቱን ደፍቶ ተቀምጧል፤ ዓይኔን ይሸሸኛል። ተናደድኩበት፤ በራሴም ተናደድኩ። አለቀስኩ፣ የምሬን። ሰዉ «ምን ያህል ብትወደው ነው» ተባባለ።

በሦስተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ፣ ማለትም በአሥራ አራተኛው ቀን፣ ከከተማው ዳር የመጡ አንዲት የቦረና እናት አጠገቤ ተቀመጡ። እጄን በሁለት እጃቸው ያዙና «ልጄ፣ ዋቃ በልጅ ይካስሽ» አሉኝ።

ድንኳኑ በሙሉ «አሜን» አለ። እኔም አልኩ።