ለሁለት የተከፈለ መድኃኒት

ወንዳፈረው እና ደሞዝ ሲካፈሉ ሕግ ነበራቸው። አንዱ ቂጣውን ይቆርሳል፤ ሌላው ጀርባውን ይሰጣል። የቆረሰው አንዱን ቁራሽ ከፍ አድርጎ ይይዝና «ለማን ይሁን?» ይላል። ጀርባውን የሰጠው ሳያይ ይፈርዳል፤ «ለእኔ» ወይም «ላንተ»። እንዲህ ሲሆን ትልቁ የደረሰው አይኮራም፣ ትንሹ የደረሰውም አያኮርፍም። ሳሙናም በክር ይቆረጥና በዚሁ ሕግ ይታደላል። የማይቆረጠውን ደግሞ በጋራ ይይዙታል፤ አንድ ሰሌን፣ አንድ ብርድ ልብስ፣ አንድ አጎበር።

በአቦቦ አቅራቢያ በሚገኘው የጥጥ እርሻ፣ ቀን ሠራተኞች በሚያድሩበት ረጅም የቆርቆሮ ቤት ውስጥ፣ ይህ ነገር መሳቂያ ነበር።

«ባልና ሚስት እንኳ እንዲህ አይካፈልም» ይሏቸዋል።

«ባልና ሚስት ይጣላላ!» ይላል ደሞዝ።

ወንዳፈረው የሠፈራ ልጅ ነው። ወላጆቹ በሰባ ሰባቱ ድርቅ ከወሎ ተነሥተው እዚህ ሠፈሩ፤ እርሱ እዚሁ ተወለደ። አባቱ ቀድሞ፣ እናቱ ኋላ አረፉ። ወንድሞቹ ወደ መቲ ቡና ለቀማ ብለው ሄዱና በዚያው ቀሩ። እርሱ ከእርሻ እርሻ ሲዞር ጎልማሳ ሆነ። በእርሻ ሥራ የከበደው ፀሐዩ አልነበረም። ሠራተኛው በክረምት መግቢያ ከደጋ ይመጣል፤ ጥጡ ተለቅሞ ሲያልቅ ይሄዳል። ወንዳፈረው በየዓመቱ ስም ይለምዳል፣ የሰው ቀልድ ይለምዳል፣ ከጎኑ የሚተኛውን ሰው የማንኮራፋት ድምፅ ይለምዳል። ከዚያ መኪና ይመጣና ሁሉንም ይጭናቸዋል። እርሱ የሚሄድበት ስለሌለው ባዶው ቤት ውስጥ ዘበኛ መስሎ ይቀራል።

ደሞዝ ከሰከላ፣ ገብስና ድንች ከሚበቅልበት ብርድ አገር፣ ለአረም የመጣ ረጅም ልጅ ነበር። በመጀመሪያው ቀን ካቦው ጥዑመልሳን ከኋላው ቆሞ አየውና ጮኸ፦

«አንተ! ጥጡን እየነቀልህ አረሙን ታሳድጋለህ እንዴ?»

ደሞዝ ቀና አለ። «ሁለቱም አረንጓዴ ናቸው፣ አለቃ። አላስተዋወቅኸንም።»

መስመሩ ሁሉ ሳቀ። ወንዳፈረው ያን ቀን ወደ ጎኑ ወስዶ ጥጥን ከአረም አስተዋወቀው። ማታ ሰሌኑን አሰፋለት። ከዚያ በኋላ ደሞዝ «ወንዴ» ማለት ጀመረ፤ እናቱ ከሞተች ወዲህ እንዲህ ብሎ የጠራው ሰው አልነበረም።

ዝናቡ ሲቀንስና ውሃው በየቦዩ ሲተኛ ሁለቱም በአንድ ሳምንት ታመሙ። ለወንዳፈረው ወባ አዲስ አልነበረችም። የሠፈራ ልጆች በየዓመቱ ይንቀጠቀጣሉ፣ ይተኛሉ፣ ይነሣሉ። ያደገው ያልተነሡትን እየቀበረ ቢሆንም በልቡ የቀረው የተነሡት ብቻ ነበሩ። የደጋውን ልጅ ትኩሳትም በራሱ ገላ ለካው።

ያስፈራው ሌላ ነገር ነበር። ጥዑመልሳን ነባር ሠራተኛ ሲታመም ጤና ጣቢያ ሄዶ እንዲመለስ ይፈቅዳል። አዲስ የመጣ የደጋ ሰው ከታመመ ግን በመኪና ጭኖ ጋምቤላ ያደርሰዋል፤ በቦታውም ሌላ ይተካል። «ሬሳ ወደ አገሩ መላክ አልችልበትም» ይላል። ክፋት አልነበረም፤ አንድ ጊዜ ልኮ ያውቃል።

ስለዚህ ወንዳፈረው ደሞዝን ብርድ ልብስ አልብሶ «ደክሞት ነው» አለና ብቻውን ሄደ። ጤና ጣቢያ ያለችው ነርስ ግሬስ የምትባል የአቦቦ አኝዋክ ነበረች። ጣቱን ወጋች፣ ጠበቀች፣ ኪኒኑን አመጣች። ማሸጊያውን ግን ወዲያው አልለቀቀችም።

«ሌላ ሰው ታሟል?»

«የለም፣ ሲስተር።»

«እናንተ የሠፈራ ልጆች መካፈል ትወዳላችሁ። ይሄ የአንድ ሰው ነው። ግማሽ አይሠራም። ጓደኛ ከታመመ ራሱ ይመጣል። ጣቱን እወጋለሁ፣ የራሱን እሰጣለሁ። ገባህ?»

«ገባኝ።»

ሲመለስ ደሞዝ ጥርሱ እየተንቀጫቀጨ «ምን አለች?» አለው።

«ለሁለት ይበቃል አለች።»

ማሸጊያውን በምላጭ ለሁለት ከፈለው። ደሞዝ ተጋድሞ ሳለ ፊቱን ወደ ቆርቆሮው አዞረ፤ እየተንቀጠቀጠም እየሳቀም ነበር።

«ለማን ይሁን?»

«ለእኔ!»

ወንዳፈረው ተነሣ። ደሞዝም የተነሣ መሰለ፤ አንድ ቀን ወጥቶ ጎንበስ ብሎ ሠራ፣ ቀለደ። በማግስቱ በመስመሩ መሃል ወደቀ። ዓይኑ ተገልብጦ፣ አፉ አረፋ ደፍቆ፣ ማንንም አያውቅም ነበር። ወንዳፈረው በጀርባው አዝሎት ጤና ጣቢያ ድረስ ሮጠ። ግሬስ ደሞዝን አየችው፣ ከዚያ ወንዳፈረውን አየችው። አምቡላንስ ጠርታ ጋምቤላ ሆስፒታል ላከቻቸው።

ደሞዝ ዳነ። ነቅቶ ሲያበቃ ግን ሰዎች አፋቸውን እያንቀሳቀሱ ድምፅ የማያወጡት ለምን እንደሆነ ጠየቀ። በሽታው ራሱ ላይ ወጥቶ ጆሮውን ይዞ እንደ ሄደ ሐኪሙ ነገራቸው።

ወንዳፈረው ካቦውን ለመነው፤ «በእኔ ኃላፊነት» ብሎ ደሞዝን ለለቀማ መለሰው። ጥጥ ለመልቀም ጆሮ አያስፈልግም። ደሞዝ የሰው አፍ እያየ ነገር መያዝ ሞከረ፤ የተሳካለት ግን በአንድ ሰው አፍ ብቻ ነበር። ወንዳፈረው ከንፈሩን ሰፋ አድርጎ፣ ቀስ ብሎ፣ ያለ ድምፅ ያናግረዋል። ደሞዝ የራሱን ድምፅ ስለማይሰማ እየጮኸ ይመልሳል።

አዲስ ሰው በመጣ ቁጥር ጩኸቱ አንድ ነው፦ «ይሄን ሰው ታዩታላችሁ? በጀርባው አዝሎ ያዳነኝ እርሱ ነው! እናቴ አንድ ጊዜ ወለደችኝ፤ ወንዴ ሁለተኛ!»

ይህ ወሬ ሲጀመር ወንዳፈረው ጀሪካኑን አንሥቶ ውሃ ሊቀዳ ይወጣል። ጀሪካኑ ሙሉም ቢሆን ይወጣል።

ጥጡ ሊገባደድ ሲል የደሞዝ ታላቅ ወንድም በሪሁን መጣ። በመንገዱ ብዙ ተንገላትቶ፣ በከረጢት የገብስ ቆሎ ይዞ። ወንድማማቾቹ ተቃቅፈው ቆዩ። በሪሁን መናገር ሲጀምር ደሞዝ አፉን አፉን አየ፤ የበሪሁን ጢም ግን ከንፈሩን ጋርዶታል። ደሞዝ ራሱን ነቀነቀና ወደ ወንዳፈረው ዞረ።

በሪሁንም ወደ ወንዳፈረው ዞረ። «እናታችን ዓይኑን ሳላይ አልሙት እያለች ነው በለው። የአባቱን መሬት አርሼ ጠብቄዋለሁ በለው። ያለ እርሱ አልመለስም በለው።»

ወንዳፈረው አፉን ከፈተ። ጥጡ ሲያልቅ መኪናው እንደሚመጣ ያውቃል። ዘንድሮ ግን ደሞዝ ከእርሱ ጋር እንደሚቀር በልቡ ጨርሶ ነበር። በከንፈሩ እንዲህ አለ፦ «እናትህ ደህና ናት። ናፍቀሃታል። መሬትህም አለ። ከፈለግህ ና ነው የሚልህ።»

ደሞዝ ሳቀ። «ከፈለግህ? ጋሼ እኮ ትእዛዝ እንጂ ‹ከፈለግህ› አያውቅም! ሸምግለሃል፣ ጋሼ!» ከዚያ ሳቁን ተወና የወንድሙን ትከሻ ያዘ። «እናቴን ሳምልኝ። እኔ ግን ወንዴን ጥዬ የት እሄዳለሁ? ነፍሴን ያተረፈ ሰው ነው። ማን አለው?»

በሪሁን ጢሙን ዳሰሰ። ከዚያ ወንዳፈረውን «ከፈለግህ አላልሁም» አለው፤ ሳይቆጣ።

«በከንፈር ብቻ ሲሆን ነገር ያጥራል፣ ጋሼ።»

በሪሁን አመነው። እንዲያውም ጎንበስ ብሎ ጉልበቱን ሊስም ቃጣ። ወንዳፈረው ወደ ኋላ ሸሸ።

«ወንድሜን አዝለህ አትርፈህልኛል። ደግሞ ላስቸግርህ፤ ነገ እንደገና ንገረው። ሌላውን አይሰማም፤ አንተን ግን ይሰማል።»

በማግስቱ ረፋዱ ላይ ጥጥ የጫነ ተጎታች ያሰረ ትራክተር በማሳው ዳር ወደ ኋላ ይመለስ ነበር። ደሞዝ ከጆንያው የፈሰሰ ጥጥ ለመሰብሰብ ከተጎታቹ በስተኋላ አጎንብሷል። መጀመሪያ የጮኸው በሪሁን ነው። ከዚያ ለቃሚው ሁሉ ጮኸ። ወንዳፈረውም ባለበት ቆሞ፣ ባለው ድምፅ፣ «ደሞዝ! ደሞዝ!» ይል ነበር፤ መሮጥ ትዝ ያለው ጥዑመልሳን ደሞዝን በኮሌታው ጎትቶ መሬት ላይ ከጣለው በኋላ ነው። ጎማው ጆንያውን ረግጦ ቆመ።

ደሞዝ አቧራውን እያራገፈ ተነሣ። «ምን ሆናችኋል? ሁላችሁም አፋችሁን ከፍታችኋል!»

የሳቀ ሰው የለም። ጥዑመልሳን ወደ ወንዳፈረው መጣ።

«በእኔ ኃላፊነት ያልኸኝ አንተ ነህ። የት ነበርህ?»

በምሳ ሰዓት ሦስቱ ከቦዩ ዳር ካለው ማንጎ ሥር ተቀመጡ። ደሞዝ ቂጣውን ቆረሰ፤ አንዱን ቁራሽ ከፍ አድርጎ ጠበቀ። ወንዳፈረው ጀርባውን አልሰጠም። ፊት ለፊቱ ተቀመጠ፤ በሪሁንም እንዲሰማ በዚህ ጊዜ ድምፅ አውጥቶ ተናገረ።

«ግሬስ ለሁለት ይበቃል አላለችም።»

ደሞዝ ቁራሹን እንደያዘ ከንፈሩን ትኩር ብሎ አየ። «ድገመው።»

«ኪኒኑን። ለሁለት ይበቃል አላለችም። የአንድ ሰው ነው ብላለች። ጓደኛ ከታመመ ይምጣ፣ የራሱን እሰጣለሁ ብላኛለች። የታመመ የለም አልኋት።»

«ለምን?»

«አለቃ ጭኖ እንዳይወስድህ።» ይህ እውነት ነበር፤ ግን ሙሉው አልነበረም። ወንዳፈረው ቀጠለ። «ብቻዬን እንዳልቀር። ጋሼህም ከፈለግህ ና አላለም። ያለ እርሱ አልመለስም ነው ያለው። እናትህም ዓይኑን ሳላይ አልሙት ነው ያለችው። ከፈለግህን የጨመርሁት እኔ ነኝ።»

ሌላም ሊል ነበር። ደሞዝ ግን ዓይኑን ጨፈነ። ጆሮ ያለው ሰው የማይፈልገውን ነገር ላለመስማት ተነሥቶ መሄድ አለበት፤ ደሞዝ ከተቀመጠበት አልተነቃነቀም። ወንዳፈረው ለተዘጋ ዓይን ጥቂት ቃል ተናግሮ አቆመ።

በሪሁን ተነሣ፤ መልሶ ተቀመጠ። «አሁን እኔ ምን ልበልህ?» አለ። የምሩን መጠየቁ ነበር።

«ምንም፣ ጋሼ።»

ደሞዝ ዓይኑን ሲገልጥ ያየው ወንድሙን ነው። «እንሂድ» አለ። በዝግታ ሊናገር ሞክሮ ነበር፤ ግን ማሳው ድረስ ተሰማ።

በማግስቱ ጠዋት አይሱዙው እስኪሞላ በቆርቆሮው ቤት ሲጠብቁ ደሞዝ የወንዳፈረውን እጅ አየ፣ ጫማውን አየ፣ ትከሻውን አየ። አፉን አላየም። ልብሱን በፌስታል ቋጠረ። ወንዳፈረው አጎበሩን ከተሰቀለበት ፈታ፣ ለሁለት አጠፈው፤ ቢላውንም አነሣ። ሊቀድደው ነበር። ሌላ የሚሰጠው ነገር አጥቶ ነው።

ደሞዝ እጁን ያዘው። ቢላውን ተቀብሎ መሬት ላይ አኖረ። አጎበሩን ዘረጋና ወደ ቦታው መልሶ፣ አራቱንም ጫፍ እያጠበቀ አሰረው።

«ሰከላ ወባ የለም» አለ። ከሄደም በኋላ ወንዳፈረው ይህን ቃል ደጋግሞ አስቦታል። ስጦታ ይሁን፣ ካንተ ጋር ከእንግዲህ ምንም አልካፈልም ማለት ይሁን፣ አልለየለትም።

መኪናው ሲነሣ ደሞዝ ከወንድሙ ጎን፣ ፊቱን ወደ ኋላ አድርጎ፣ ጆንያ ላይ ተቀምጧል። ወንዳፈረው መንገዱ መሃል ቆሞ ከንፈሩን አሰፋ። «ይቅር በለኝ» አለ ያለ ድምፅ፤ ደግሞም አለ። አቧራው መኪናውን ሸፈነው። የደሞዝ ዓይን ተከፍቶ ይሁን ተጨፍኖ አላየም።

የተረፉት ለቃሚዎች ማታ በቆርቆሮው ቤት ራት ሲበሉ ወንዳፈረው ለብቻው ሰሌኑ ላይ ተቀምጦ ነበር። ከፊት ለፊቱ ካሉት አንዱ ተመለከተውና ጓደኞቹን በክርኑ ነካ ነካ አደረገ።

«ኧረ ወንዳፈረው፣ ድምፅ ጨምርበት! እኛ ጆሮ አለን!»

ሳቁ ቤቱን ሞላው። ወንዳፈረው ያኔ ነቃ። ቂጣውን ለሁለት ቆርሷል፤ አንዱን ቁራሽ ከፍ አድርጎ ይዟል፤ ከንፈሩ «ለማን ይሁን?» እያለ ነበር። ዝቅ አድርጎ አየው። ትልቁ ቁራሽ ነበር።